የብብት ወተት

ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አጠገብ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

እታለም ባንቺ፣

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ «በአብዮታዊ ሰላምታ» ይጀመራል ብሎ ነበር ያስተማረን። እኔ ግን ታላቅ እህቴን በአብዮት ሰላም ማለት አፌ እምቢ አለኝ። እንዲያው እንዴት ነሽ? ባልሽ አምሳሉስ? የስፌት መኪናውን እየመታ ነው ወይስ ጨርቅ ጠፍቶበት ቁጭ ብሏል? ልጅሽ ብርቱካንስ ለእንግዳው ጡቷን በሰላም ለቀቀች?

ስለ እኔ ለጠየቅሽው፣ አልደረቀም። በሄዳችሁ ሰሞን ይደርቃል ብላችሁኝ ነበር። ጡቴ አጋቶ ቀሚሴን ያርሰዋል፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ በሰማሁ ቁጥር ይብሳል። የቀኝ ብብቴ እብጠትም ከጡቴ ጋር እኩል ይወጠራል። ከመውለዴ በፊት የባቄላ ፍሬ የምታክለው አሁን የዶሮ እንቁላል አክላለች። ክንዴን አስጠግቼ መተኛት አልቻልኩም።

አትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁን ታቅፈሽ በበቅሎ ስትወጪ ዞር ብለሽ አይተሻል? እኔን ከቤት እንዳልወጣ ይዘውኝ ነበር። በግድግዳው ቀዳዳ ያየሁት የበቅሎዋን ጅራት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ልጄ በተወለደ በሳምንቱ መንጋጋው ተቆልፎ ጡት እምቢ ብሎ ሞተ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሕፃን የእናቱን ጡት እምቢ የሚለው መርዙን አውቆ ነው አሉ። በዚህኛው እርግዝና ብብቴ ሲያብጥ ደግሞ ሾተላዩ የተሸሸገበት ተገኘ አሉ። ስለዚህ ልጁ ከእኔ ጡት ሳይቀምስ ለአንቺ የጡት ልጅ ሆኖ ተሰጠ። ቄስ ገብረ ሚካኤልም የወተት ጥርሱ እስኪነቀል ድረስ ዓይኑን እንዳላየው ገዘቱኝ። ይህን ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ። የምጽፈው ለራሴ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ልክ ይመስል እንደሆነ ልየው ብዬ። አይመስልም።

ዋሴ ደህና ነው። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እጣላው ነበር። «ልጁ ይኑር እንጂ የትም ይኑር» ይላል።

ስም እንዳላወጣለት ከልክለውኛል። ክርስትና ሲነሣ ግን አንቺ ቢያድግልኝ በይልኝ። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ወርቁ የጨው ነጋዴው ነው፤ መልሱን ለእሱ ስጪው።

እህትሽ ታንጉ


ከመካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ለታንጉዬ፣

ዞር ብዬ አላየሁም። ዞር ብል ኖሮ በቅሎዋን እመልሳት ነበር።

ልጁ ደህና ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። እንዳልሽው ቢያድግልኝ ብዬዋለሁ፤ የቤቱ ሰው ግን ቢያድግ እያለ ያሳጥረዋል። ሲጠባ አንድ ዓይኑን ገልጦ ብርቱካንን ይጠብቃታል፤ ትወስድብኛለች ብሎ ነው። እጆቹ የዋሴ ናቸው። ግንባሩ የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ታለቅሻለሽ።

በወርቁ አፍ የላክሽውን መልእክት አልሰማሁም ልበል። ግዝት ጥሰሽ መጥተሽ ልጁ በማግስቱ ቢያስነጥሰው እንኳ በአንቺ ይመካኛል። አትምጪ። እኔም በአንድ ቤት ከአማቴ ጋር ነው የምኖረው፤ እማማ ዓለሚቱ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው።

እብጠቱን አትጭመቂው፤ በተጨመቀ ቁጥር ይሞላል። ማታ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያዢበት፤ ክንድሽን ትራስ ላይ አሳርፈሽ ተኚ። ጥቂት ወር ይወጠራል፣ ከዚያ ይለሰልስና ይተኛል። ይህን የነገረችኝ አንዲት የእዚህ አገር ሴት ናት።

ቀሚስ ልኬልሻለሁ። የአምሳሉ ስፌት ነው፤ እኔ ጥቂት ለብሼዋለሁ እንጂ አዲስ ማለት ይቻላል። ብብቱ ሰፊ ስለሆነ አይከረክርሽም።

ባንቺዓለም


ከታች ጋይንት
የካቲት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

እታለም፣

ቀሚሱ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እባክሽ ባልሽን ጠይቂልኝ። የግራውን ብብት እንደ ጎተራ አፍ አስፍቶ ቀኙን አጥብቆታል። የኔ እብጠት በቀኝ ነው! ግራና ቀኙን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ሱሪ ይሰፋል? እስቴዎች ሁለት እግራቸውን በአንድ በኩል እየከተቱ ነው የሚሄዱት? ቀኙን ፈትቼ ራሴ አሰፋሁት። ስፈታው ሣቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሣቅሁት።

አልደብቅሽም፣ ተተኮስኩ። ከስማዳ አንድ አዋቂ መጥቶ ነበር። የማጭድ ጫፍ አግሎ እብጠቱ ላይ አሳረፈው። ዋሴ ክንዴን ያዘልኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። አልጮህኩም፤ የምጮህበትን ጩኸት ልጁ የወጣ ቀን ጨርሼዋለሁ። ከቁስሉ ክፉው ደም ይወጣል ብለው ሲጠብቁ ነጭ ነገር ወጣ። አዋቂው ማጭዱን ጥሎ አማተበ። የተከፈለውን ገብስ ግን አልረሳም።

ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳት ያዘኝ። የአርብ ገበያው ጤና ረዳት አስማረ አይቶ ተቆጣ። ልጁን አርግዤ ሳለሁ ክንዴን በመርፌ የወጋኝ እሱ ነው፤ ያኔም እብጠቱን አይቶት ነበር። አሁን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሂጂ ብሎ ጽፎልኛል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት እስኪፈርም ዋሴ ተመላልሶ እግሩ ቀጠነ።

አስማረ ለዋሴ ሲያንሾካሹክለት «ነቀርሳም ሊሆን ይችላል» ሲል ሰምቻለሁ። ነቀርሳ ከሆነ እኔን ይወስዳል፤ ሾተላይ ከሆነ ልጄን ይወስዳል። ቢያስመርጡኝ የትኛውን እንደምመርጥ ታውቂያለሽ። ነገ ወደ ንፋስ መውጫ እንወጣለን፤ ከዚያ መኪና ይገኛል ይላሉ።

ጸልዪልኝ።

ታንጉ


ከደብረ ታቦር
መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን የሰጠችኝ አስተርጓሚዋ ነርስ ናት። ሐኪሙ ከኩባ የመጣ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው «እንዴት ነሽ» እና «አይዞሽ» ነው። እሱም አይከፋም፤ ሁለቱን የሚለኝ ሰው ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ አስነሣኝ። ባሌ በቀን ብርሃን ያላየውን ብብት ለባዕድ ሰው ማሳየት! ዓይኔን ጨፈንኩ። ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ ይጠይቃል። ከማርገዝሽ በፊት ነበረ? የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ያምሽ ነበር? ጡትሽ ሲያጋት አብሮ ይወጠራል? ለሁሉም አዎ አልኩ። የሚያውቀኝ መሰለኝና ፈራሁ። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከቁስሉ ራቅ አድርጎ ወጋኝ። በመርፌው ተስቦ የመጣው ወተት ነው። ነጭ ወተት፣ እታለም።

ጡት ነው አለኝ። ሾተላይም መጋኛም አይደለም፤ ነቀርሳም አይመስልም፤ ጡት ነው። ሰው በማኅፀን ሲሠራ ጡት ከብብት እስከ ብሽሽት በመስመር ይጀመርና ከሁለቱ በቀር ሌላው ይከስማል፤ በአንዳንዷ ሴት ብብት ግን ጥቂት ሳይከስም ይቀራል አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር ነርሷ፣ የገበሬ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ስትዘሩ ከማሳው ዳር የሚወድቅ ገብስ የለም? እሱም ይበቅላል። ቦታውን ሳተ እንጂ ገብስ ነው፤ እንክርዳድ አይደለም።»

ለቁስሉ ፔኒሲሊን ይወጉኛል። እብጠቱን ግን አይነኩትም። ወተት እያለ ቢቆረጥ ቁስሉ ወተት እያፈሰሰ አልድን ይላል አሉ። ወተቱ ሲደርቅ እሱም ይተኛል። ከዚያ ወዲያ ካስቸገረኝ ቀዶ ማውጣት ይቻላል፤ ካላስቸገረኝ አብሮኝ ያረጃል። ለማረጋገጥ ከውስጡ ጥቂት ቀድተው ወደ አዲስ አበባ ልከዋል። ሁለተኛ እንዳትተኮሺ ብሎ በጣቱ አስጠነቀቀኝ።

በመጨረሻ «ሕፃኑን አጥቢው፤ ይቀልልሻል» አለ። ነርሷ ተርጉማ ሳትጨርስ ዋሴ ተነሥቶ ወጣ። ሐኪሙ «ሕፃኑ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምን ልበል? እስቴ ነው ብል እስቴን አያውቅ። አንገቴን ደፋሁ። የሞተ መስሎት «አይዞሽ» አለኝ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠይቆኝ ነበር፤ እናትሽ ወይም እህትሽ እንዲህ ያለ አላቸው ወይ ብሎ። ከአንዳንዱ ቤት በዘር ይወርዳል አሉ። እኔ የለም አልኩ። የለሽም አይደል?

እታለም፣ ነፃ ወጣሁ እኮ! ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለቄስ ገብረ ሚካኤል አሳያቸዋለሁ። ልጁን አዘጋጂልኝ።

ታንጉ


ከመካነ ኢየሱስ
ሚያዝያ 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታንጉዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽን አምሳሉ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ እኔ ደግሞ ለብቻዬ አነበብኩት። ነቀርሳ አለመሆኑን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቢያድግ ደግፈው ካስቀመጡት መቀመጥ ጀምሯል። ለፋሲካ አምሳሉ ከቁራጭ ጨርቅ ሱሪ ሰፍቶለት፣ ሲለብስ የቀበሌ ሊቀመንበር መስሎ ቤቱን አሣቀው። ብርቱካን ጸጉሩን ትስባለች፤ እሱ አያለቅስም፣ መልሶ ይስባታል። ቁስልሽ እንዴት ነው? በደንብ ብዪ። የጾም ጊዜ አልፏል፤ ቅቤ አትጥዪ።

ልጁን አዘጋጂ ያልሽውን ተመልክቼዋለሁ። ግን ነገሩን በአንድ ጊዜ አትግለጪው። ሽማግሌዎቹን ቀስ አድርገሽ ያዣቸው። የሐኪም ቃል ለመንደር ሰው አዲስ በሬ ነው፤ ቀንበር እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ሌላው ጉዳይ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ወርቁ በሩ ላይ ቆሞ ይጣደፋል።

ባንቺዓለም


ከታች ጋይንት
ግንቦት 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

እታለም፣

ምክርሽ ሳይደርሰኝ ተናገርኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ወረቀቱ ከአዲስ አበባ በአስማረ በኩል መጣ። «ጤናማ የጡት ሥጋ ነው፤ ነቀርሳ የለውም» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር እንደተቀመጡ አስማረ ቆሞ አነበበላቸው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆሜያለሁ። ልቤ ልጄን ታቅፎ አርብ ገበያ ደርሷል።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ሰምተው ሰምተው፣ በየዋህነት ነው ያሉት፣ «ጡት ነው ካሉማ እኛስ ምን አልን?» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴት የተፈጠረላት ሁለት ነው፤ ሦስተኛውን ማን ሰጣት ተባለ። እስካሁን ብብቷ ያበጠ ሴት ነበርኩ፤ አሁን በመንግሥት ማኅተም ሦስት ጡት ያላት ሴት ሆንኩ። ውኃ ስወርድ ያረገዙት መንገድ ይለቁልኛል።

አስማረ አልተወም፣ ይባረክ። ሁለቱን ልጆች የገደላቸው መንጋጋ ቆልፍ የሚባል በሽታ ነው፤ እትብታቸው በተቆረጠበት ስለት ነው የገባው፤ መንጋጋው የተቆለፈ ሕፃን ጡት እምቢ አይልም፣ መያዝ ያቅተዋል እንጂ አላቸው። ይህኛው የኖረው እናቱን በእርግዝናዋ ስለወጋኋት ነው አለ። ዋሴ ተነሣና «የኖረው ከእሷ ስለራቀ ነው» አለ። በቁጣ አይደለም፤ እየለመነ ነው የሚናገረው። ልጁ ኖሯል፤ ርቋልም፤ እኔም ተወግቼአለሁ። የትኛው እንዳዳነው ማን ይፈርዳል? ከእኔ ርቆም ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያስረዳልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አሰብኩ፤ ከዚያ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ማታ ማታ ጡቴን በጣሳ አልባለሁ። ለድመቷ እንኳ አልሰጣትም፤ ሰው ቢያይ በድመቷ ሞት ይከሱኛል። ከጓሮ ጌሾው ሥር አፈሰዋለሁ። ከጌሾ ሁሉ የኔ ጌሾ ለመለመ።

ስለ ጠየቅሁሽ ነገር አልመለስሽልኝም። አለሽ ወይስ የለሽም? ቢኖርሽ ኖሮ እኮ ነገሩ ሁሉ ይፈርስ ነበር። የለሽም እንጂ።

ታንጉ


ከመካነ ኢየሱስ
ሰኔ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታንጉዬ፣

የጻፍሽልኝ ሁሉ ደርሶኛል። የድመቷን ነገር ሳነብ ሣቄም ልቅሶዬም መጣ።

ሥራ በዝቶብኛል። አምሳሉ ለማኅበሩ ሚሊሻ ሱሪ እንዲሰፋ ታዞ እኔ ቁልፍ ስተክል እውላለሁ። ቢያድግ ሁለት ጥርስ አውጥቷል፤ ወርቁ ይነግርሻል። ዝናቡ ገብቷል፤ ወንዙ ሳይሞላ ይህን ልላክልሽ ብዬ ነው። ጌሾውን አትቁረጪው።

ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ባንቺዓለም


ከታች ጋይንት
ሐምሌ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባንቺዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ለአምሳሉ አትስጪው፤ ብቻሽን አንብቢው።

ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል ስላልሽኝ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሄድኩ። እናታችን እማሆይ አመተ ሥላሴ ከደጀ ሰላሙ ዳር ከጎጇቸው ተቀምጠው ለመገበሪያ ስንዴ ይለቅማሉ። አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ። ሐኪሙ የጠየቀኝን ጠየቅኋቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መልቀማቸውን ቀጠሉ። የመነኩሲት ከንፈር በጸሎት ይሁን በፍርሃት የሚንቀሳቀሰው አይታወቅም። ከዚያ ዓይናቸውን ከስንዴው ሳያነሡ፣

«የቀኙ ያንቺ ነው» አሉኝ። «የግራው የእህትሽ።»

ብርቱካንን ስትወልጂ አብጦብሽ፣ በር ዘግተው ቅቤ የቀቡልሽ እሳቸው ናቸው። ክንድሽን ትራስ ላይ ያሳረፉልሽም። ለማንም እንዳትናገሪ ያስማሉሽም። «ሁለቱንም ልጆቼን ሾተላይ እንዳያሏቸው ነው» አሉኝ። አንዷን ብቻ አሏት፤ ከሁለት አንድ ማትረፍ ነው መቼስ።

ቤቴ ገብቼ ቀሚሱን አወጣሁት። የግራውን ብብት አየሁት። አምሳሉ ግራና ቀኙን ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ። ያቺ «የእዚህ አገር ሴት» ማን እንደሆነችም አሁን አወቅኋት።

ባንቺ፣ አስቢው እስቲ። ልጄን ያሸሹት ብብቷ ላይ ጡት ካለባት ሴት ነው። የሄደው ብብቷ ላይ ጡት ወዳለባት ሴት ነው። እዚያም ወፈረ፣ ጥርስ አወጣ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል? የሐኪም ወረቀት አይሰሙም፤ የወፈረ ሕፃን ግን ያያሉ። ክንድሽን አንሺና አሳያቸው። ይህ እያለብኝ ሁለት ልጅ አሳደግሁ በያቸው። አንድ ቃልሽ ስሜን ያነጻልኛል፣ ልጄን ይመልስልኛል።

እየተገዘትኩ ሳለሁ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። እሱን አልጠይቅሽም። ልጄን ብቻ።

ታንጉ


ከመካነ ኢየሱስ
ጳጉሜን 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታንጉዬ፣ እህቴ፣

እማሆይ የነገሩሽ እውነት ነው። ስትገዘቺ ዝም ያልኩት ልጁን ተመኝቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ስለዚህ ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ የሚሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

በነሐሴ እዚህ የጎረቤታችን ሕፃን ሞተ። ለቅሶ ቤት የአንቺን ወሬ የሚያውቅ ሰው ነበር። አማቴ እማማ ዓለሚቱ «እንዲህ ያለ ጡት ከቤቴ ቢኖር ልጅ አንዲት ሌሊት አላሳድርበትም» አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቢያድግን አጠባለሁ። በግራ በኩል ነበር።

ክንዴን ባነሣ ምን እንደሚመጣ ቀን ከሌት አሰብኩት። ብርቱካንን አማቴ ወደ ዘመዶቻቸው ይወስዷታል። ቢያድግስ ወደ አንቺ የሚመለስ ይመስልሻል? አይመልሱትም። ከሁለት ሾተላይ ያመለጠ ልጅ ብለው ወደ ሦስተኛ ቤት ያሻግሩታል። ማን ቤት እንደሆነ እንኳ አይነግሩንም። የላም ወተት በጠርሙስ ይሰጡታል፤ በክረምት በዚያ የሞቱትን አንቺም እኔም እናውቃለን። አሁን ቢያንስ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ወፍሮ ምስክር ነው አልሽ፤ ያገራችን ሰው የወፈረን ልጅ አይቶ የሚለው «ሾተላዩ ገና ይወስደዋል» ነው።

ግን ከጡቴ ቢነጥሉት የሚያለቅሰው ለእኔ ቢሆንም ልጁ ያንቺ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ላንቺ ትቼዋለሁ። አንሺ ካልሽኝ በመስቀል ዕለት ሕዝብ በተሰበሰበበት አነሣለሁ። በልጆቼ ስም እምልልሻለሁ። አንድ ቃል ላኪብኝ።

ባንቺዓለም


ከታች ጋይንት
መስከረም 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

እታለም ባንቺ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ወርቁ ከመስቀል በፊት እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ፤ ወንዙም ጎድሏል።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። ቀደድኩትና ደግሞ ገጣጥሜ አነበብኩት። አንቺን የምጠላበት ነገር ፈለግሁ፤ እንደ ዋሴ አንቺም እምቢ አልሽኝ። ሁላችሁም ደግ ናችሁ። ሐኪሙ ደግ፣ ቄሱ የዋህ፣ እማሆይ እናት። ልጄን የወሰደው ማን እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።

ወተቴ ደረቀ። አንድ ቀን ጣሳውን ይዤ ብቀመጥ ጠብ አላለም። እብጠቱም ሐኪሙ እንዳለው ተኛ፤ ያቺ የእዚህ አገር ሴትም እንዳለችው። አሁን ካልፈለጉት አይገኝም። ቄስ ገብረ ሚካኤል «ጠፋ?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ጠፋ» አልኳቸው። መተኮሱ ሠራ ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እኔም አሜን አልኩ። ግዝቱ ግን ግዝት ነው አሉ፤ ጥርሱ እስኪነቀል ነው።

እውነቱን የምናውቅ እኔ፣ አንቺ፣ አምሳሉና እማሆይ ነን። ሐኪሙም አገሩ ገብቷል አሉ። እውነቱን ብናገር ስሜ ይነጻል፤ ልጄ ግን ጡት ያጣል። ሌት ተቀን ባገላብጠው ከዚህ የተለየ አልወጣልኝም። ስለዚህ ፍረጂ ያልሽኝን ፈረድኩ። አታንሺ።

ከእኔ ጡት አልቀመሰም ብዬ የማለቅሰውን ትቻለሁ። እማሆይ ለሁለታችንም የሰጡን አንድ ገብስ ነው፤ አንዱ ከማሳው ቀኝ ዳር፣ ሌላው ከግራ ዳር በቀለ። ልጄ ከአንዱ በልቷል። ይህን ሳስብ ትንሽ እተኛለሁ።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የመጀመሪያዋ የወተት ጥርሱ ስትነቀል ልጆች እንደሚያደርጉት ጣሪያ ላይ እንዳይወረውራት፤ በጨርቅ ቋጥረሽ ላኪልኝ። እኔ ይዤያት ወደ ቄሱ እሄዳለሁ። ያኔ ከእኔ ጋር ይነጋገሩ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ልብስ ስታሰጪ፣ ከቆጥ ዕቃ ስታወርጂ፣ በመስቀል ችቦ ስታበሪ፣ ሰው ባለበት የግራ ክንድሽን ከፍ አታድርጊ። አምሳሉንም ብብቱን እንደ ልማዱ አስፍቶ ይስፋልሽ በይው። ልጄን አደራ።

ታንጉ